የተጓዥ ቤት መብራት አመራረጥ

በአሜሪካ አገር ለዕረፍት የሚወጡ ብዙ ሰዎች የሚጓዙበት፣ መኝታውንና ማድቤቱን፣ መታጠቢያውንና መመገቢያውን በአንድ ጣሪያ ሥር ይዞ በራሱ ሞተር የሚሄድ ወይም በመኪና የሚጎተት፣ በአጭር ስሙ «አርቪ» የሚባል ተጓዥ ቤት አለ። ከነዚህ ቤቶች የሚበዙት የሚሠሩት በኢንድያና ግዛት በኤልክሃርት ከተማና በአካባቢዋ ነው። ገዢው ቤቱን ሲመርጥ የአልጋውን ስፋትና የምድጃውን ዓይነት አጥብቆ ይመረምራል፤ ስለ መብራቱ የሚያስበው ግን ብዙውን ጊዜ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ነው።

የዚህ ቤት ኤሌክትሪክ በባሕርዩ ሁለት ወገን ነው። አየር ማቀዝቀዣውና ማይክሮዌቩ የሚሠሩት እንደ ማንኛውም የአሜሪካ ቤት በ120 ቮልት ስለ ሆነ፣ በካምፕ ሥፍራ ከቆመ መስመር ጋር ካልተገናኙ ወይም ጄኔሬተር ካልተነሣላቸው ሥራቸውን ይፈታሉ፤ የጣሪያው መብራት፣ የውኃው ፓምፕና የማሞቂያው ማራገቢያ ግን ከባትሪ በሚመጣ 12 ቮልት እንዲሠሩ ተደርገው ስለ ተሰናዱ፣ ቤቱ ከሰው መንደር ርቆ በምድረ በዳ ቢያድርም አገልግሎታቸው አይቋረጥም። በአሪዞና ግዛት በኳርትዝሳይት ዙሪያ በብርዱ ወራት የሚሰፍሩት መንገደኞች ከመስመር ኤሌክትሪክ ርቀው የሚሰነብቱት በዚሁ ባትሪና ባትሪውን በሚሞላው የፀሐይ ኀይል ነው።

እንግዲህ በእንዲህ ያለ ቤት መብራት ማብራት ማለት ከተወሰነ ሀብት ወጪ ማድረግ ስለ ሆነ፣ አምፖል ከመግዛት በፊት ባትሪውን መመርመር ይገባል፤ ዘይቱን ሳይለካ ማኅቶቱን የሚያበራ ሰው፣ ሙሽራው በመጣ ጊዜ መብራታቸው የጠፋባቸውን ሰነፎች ደናግል መምሰሉ አይቀርም። ስሌቱ ከባድ አይደለም። 100 አምፔር-ሰዓት የሚይዝ የተለመደ የእርሳስ ባትሪ ዕድሜው እንዳያጥር ከግማሹ በላይ ባይወጣበት ይመረጣልና፣ ለባለቤቱ በእውነት የሚተርፈው 50 ያህል ነው። በቆዩ ተጓዥ ቤቶች ጣሪያ ላይ የሚገኘው፣ ቁጥሩ 1141 የሆነው ባለ ክር አምፖል አንድ አምፔር ተኩል ያህል ይወስዳል፤ እንዲህ ያሉ ስድስት አምፖሎች አራት ሰዓት ቢበሩ 36 አምፔር-ሰዓት ይበላሉ፤ ለፓምፑና ለማሞቂያው የሚቀረው እጅግ ጥቂት ይሆናል። የዚህም ምክንያቱ ክሩ የሚበራው በመጋል ስለ ሆነ፣ ከሚወስደው ኀይል አብዛኛው ብርሃን ሳይሆን ሙቀት ሆኖ ማለፉ ነው።

ይህን ብክነት ያስቀረው ኤልኢዲ የሚባለው የመብራት ጥበብ ነው። ኒክ ሆሎንያክ በጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ ሲሠራ እ.ኤ.አ. በ1962 ለዓይን የሚታይ ቀይ ብርሃን የሚሰጠውን ኤልኢዲ ሠራ፤ ነጭ ብርሃን ግን ሰማያዊው እስኪገኝ ድረስ ብዙ ዓመታት መጠበቅ ነበረበት። ብሩህ ሰማያዊ ኤልኢዲ በማስገኘታቸው ሊቃውንቱ አካሳኪ፣ አማኖና ናካሙራ እ.ኤ.አ. የ2014ን የፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል፤ ዛሬ በየቤቱ የምናየው ነጭ ብርሃንም በብዛት የሚገኘው ሰማያዊውን ኤልኢዲ፣ ከብርሃኑ ከፊሉን ወደ ቢጫ በሚለውጥ ቅባት በመሸፈን ነው። በ1141 ፈንታ የሚገባ ኤልኢዲ የሚወስደው 0.2 አምፔር ያህል በመሆኑ፣ ያው የስድስት አምፖሎች የአራት ሰዓት ወጪ ከ36 ወደ 5 አምፔር-ሰዓት ገደማ ይወርዳል።

ለመምረጥ አራት ነገሮችን መመልከት ይበቃል። የመጀመሪያው ቅርጹ ነው፤ አንዳንዱ አምፖል ተጭኖ በመዞር የሚያዝ የብረት እግር አለው፤ 921 የሚባለው ግን ጠፍጣፋ ግርጌው በቀጥታ ይሰካል፤ ስለዚህ አሮጌውን ነቅሎ ቁጥሩን ማንበብ ያስፈልጋል። ሁለተኛው የብርሃኑ መጠን ነው፤ አሮጌው አምፖል ይሰጥ የነበረው 250 ሉመን ገደማ ስለ ሆነ፣ በጠባብ ክፍል ውስጥ ከዚህ እጅግ የበለጠ ብርሃን ዓይንን ያስቸግራል። ሦስተኛው ኅብሩ ነው፤ ከ2700 እስከ 3000 ኬልቪን ያለው ወርቃማ ብርሃን ለመኝታና ለማረፊያ፣ 4000 አካባቢ ያለው ለማድቤት ይስማማል፤ የቀለም ታማኝነቱን የሚያመለክተው ቁጥርም 90 ወይም ከዚያ በላይ ቢሆን የምግቡም የፊትም መልክ አይጠወልግም። አራተኛውና ብዙዎች የሚዘነጉት የቮልቱ ወሰን ነው፤ «12 ቮልት» የሚባለው ባትሪ በሚሞላበት ጊዜ ከ14 ቮልት በላይ ስለሚደርስ፣ ከ10 እስከ 30 ቮልት እንዲችል የተሠራ አምፖል ዋጋው ቢጨምርም ዕድሜው ይረዝማል።

በመግጠም ጊዜ፣ አንዳንዱ ኤልኢዲ ፖዘቲቩና ኔጋቲቩ ከተገለበጠ ስለማይበራ፣ ተበላሽቷል ብሎ ከመጣል በፊት አዙሮ መሞከር ይገባል። በቀድሞው ዘንግ (ፍሎረሰንት) መብራት ፈንታ ኤልኢዲ ሲገባ፣ ኀይሉን የሚቆጣጠረው ባላስት ከመስመሩ እንዲወጣ የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ፤ የወጣውም ዘንግ ሜርኩሪ ስላለበት ሳይሰበር ለብቻው ይወገዳል። ፊውዝ ቢቃጠል ምክንያቱን መፈለግ እንጂ በትልቅ ፊውዝ መተካት፣ ሽቦው ግሎ ቤቱን እንዲያቃጥል መፍቀድ ነው።

የውጭው መብራት ሌላ ሥርዓት አለው። ፍሬቻው ወደ ኤልኢዲ ሲለወጥ የሚወስደው ኀይል ስለሚያንስ፣ ብልጭታውን የሚቆጣጠረው አሮጌው ፍላሸር፣ አምፖል የተቃጠለ መስሎት በፍጥነት ብልጭ ድርግም ያሰኘዋል፤ መድኀኒቱም ለኤልኢዲ የተሠራ ፍላሸር መግጠም ነው። የፍሬንና የፍሬቻ መብራት በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ ስለሚታዘዝ፣ ሕጉን ማሟላቱን የሚያሳይ «ዲ.ኦ.ቲ.» የሚል ምልክት ያለበትን ሙሉ መብራት መግዛት አምፖሉን ብቻ ከመለወጥ ይሻላል። በበሩ ላይ የሚበራው ደግሞ ቢጫ ቢሆን ነፍሳትን እንደ ነጩ አይስብም፤ ወደ ታች ካዘነበለም የጎረቤትን መስኮት አይወጋም። በዩታ ግዛት የሚገኘው ናቹራል ብሪጅስ እ.ኤ.አ. በ2007 ሌሊቱ ከመብራት የሚጠበቅበት በዓለም የመጀመሪያው የጨለማ ሰማይ ፓርክ ተብሎ ተሰይሟል፤ እንግዲህ ከዋክብትን ለማየት ብዙ መንገድ የተጓዘ ሰው በሚሰፍርበት ሥፍራ ሌሊቱን ሙሉ በውጭ መብራት ማብራት ነውር ነው።

ስለዚህ መብራቱን ለመለወጥ የተነሣ ሰው ሁሉንም በአንድ ቀን አይግዛ፤ አስቀድሞ በየምሽቱ አብዝቶ የሚያበራውን መርጦ አንዱን ብቻ ይለውጥ፤ ኅብሩ ከተስማማው፣ ካልተርገበገበና ሬዲዮኑን ካላወከ የቀሩትን ከዚያው ዓይነት ያሟላ። ገንዘብ ከተረፈውም ለጌጥ መብራት ሳይሆን ለተሻለ ባትሪ ያውለው።