ካርታው ሲቀያየር፣ ፈተናው ሲቆይ፦ የታሪክና የጂኦግራፊ ትምህርት በሆሳዕናና በአካባቢዋ

በአንድ የሆሳዕና ቤት ያሉ አያት፣ አባትና የልጅ ልጅ «የምትኖሩበት ክልል ማን ይባላል?» ቢባሉ በትምህርት ቤት የተማሩት መልስ ለየቅል ነው። አያት የተማሩት «ሸዋ ጠቅላይ ግዛት፣ ከምባታና ሀዲያ አውራጃ» ብለው ነው። አባት የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልልን ሸምድዶ ተፈትኗል። ልጅቷ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ «ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል» ብላ ትጽፋለች። ሦስቱም በየዘመናቸው ልክ ናቸው።

ትምህርቱም የካርታውን ያህል ተቀያይሯል። መንግሥት በተለወጠ ቁጥር የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ተማሪ የሚነገረው ታሪክ ተለውጧል፤ የትምህርቱ ስምም እንደዚሁ። ሁለት ነገሮች ግን ከንጉሡ ዘመን እስከ ዛሬ ብዙም አልተነቃነቁም፦ ማስተማሪያው እንግሊዝኛ መሆኑና ትምህርቱን የሚመራው ፈተናው መሆኑ። ይህ ዳሰሳ የሚለው፣ ተማሪው ምን እንደሚያውቅ የወሰኑት ከይዘቱ ይልቅ እነዚህ ሁለቱ ናቸው ነው።

የንጉሡ ዘመን፦ የውጭ መምህር፣ የውጭ መጽሐፍ

ዘመናዊ ትምህርት በሀዲያና በከምባታ ቀድሞ የገባው በሚሲዮኖች በኩል ነው። ሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ ሆሳዕና ሲደርስ፣ የካቶሊክ ሚሲዮንም በከምባታ ሥር ሰደደ። ከጣሊያን ወረራ በኋላ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ተከተሉ። ከ1956 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ማስተማሪያው አማርኛ ሲሆን፣ ከ7ኛ ክፍል በላይ እንግሊዝኛ ሆኖ ቀጠለ። ቤቱ ሀዲይሳ ወይም ከምባትሳ የሚናገር ልጅ በአማርኛ ስድስት ዓመት ተምሮ 7ኛ ክፍል ሲደርስ፣ ስለ ግሪክና ስለ ሮም በሦስተኛ ቋንቋ ማንበብ ይጠበቅበት ነበር። የኢትዮጵያን ታሪክ በአማርኛ ሊያነብ የፈለገ የተክለ ጻድቅ መኩሪያ መጻሕፍት ነበሩለት፤ ትረካቸው ግን ከነገሥታቱ ዙፋን የሚነሣ ነው።

በመስከረም 1955 ዓ.ም. ሕዝቡ «ፒስ ኮር» የሚላቸው የአሜሪካ የሰላም ጓድ መምህራን ገቡ። የመጀመሪያው ዙር ከ270 በላይ ሰው ነበር፤ ኃላፊውም ሃሪስ ዎፎርድ። በየጠቅላይ ግዛቱ ከተሞች ተበትነው ከ7ኛ እስከ 12ኛ ክፍል እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ሳይንስ፣ ታሪክና ጂኦግራፊ አስተማሩ። ከዚያ ዙር በወሊሶ ያስተማረው ፖል ሶንጋስ በኋላ የአሜሪካ ሴናተር ሆኗል። በ1957 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለአንድ ዓመት ወደ ጠረፍና ወደ አውራጃ እየወጡ እንዲያስተምሩ ሲወሰን፣ መሬት ላራሹን የሚያቀነቅነው ትውልድ ከአዲስ አበባ ወደ ገጠር ትምህርት ቤቶች ወረደ። መጽሐፉ ስለ ነገሥታት ሲያወራ፣ መምህሩ ስለ ጭሰኛ ያወራ ጀመር። ለ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ የሚመጣው ግን መጽሐፉ ስለነበር ተማሪው መጽሐፉን ሸመደደ።

ደርግ፦ ታሪክ በአምስት እርከን

በሆሳዕና የየካቲት 25/67 ትምህርት ቤት ስሙ ራሱ የታሪክ ትምህርት ነው፤ የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት የተባለበት ቀን ነው። በደርግ ዘመን ታሪክ ከነገሥታት ወደ መደብ ትግል ዞረ። ጥንታዊ የጋራ ኑሮ፣ ባርነት፣ ፊውዳሊዝም፣ ካፒታሊዝም፣ ሶሻሊዝም የሚለው ሰንሰለት ከፖለቲካ ትምህርት ክፍል አልፎ የታሪክ ደብተር ውስጥ ገባ። የፒስ ኮር መምህራን በ1969 ዓ.ም. ገደማ ከአገር ወጡ፤ ትናንት መምህር የላከችው አሜሪካም በትምህርቱ የኢምፔሪያሊዝም አለቃ ሆነች። ጠቅላይ ግዛት የሚለው ክፍለ ሀገር ተባለ፤ በ1980 ዓ.ም. ደግሞ ራስ ገዝና አስተዳደር አካባቢ የሚል አዲስ ካርታ መጣ።

በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ኋላ በ15 ቋንቋዎች ሲሰጥ፣ ሀዲይሳና ከምባትሳ በመካከላቸው ነበሩ፤ በግዕዝ ፊደል። እናትና አባት በሠርክ በገዛ ቋንቋቸው ማንበብ ሲማሩ፣ ልጃቸው ቀን 7ኛ ክፍል ተቀምጦ የፈረንሳይን አብዮት በእንግሊዝኛ ይገለብጥ ነበር። ዘመቻው ለጎልማሳ የፈቀደው ቋንቋ ወደ መደበኛው ክፍል አልገባም።

ከ1986 ዓ.ም. ወዲህ፦ «ሶሻል»

የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአፍ መፍቻ ቋንቋን ወደ መደበኛው ክፍል አስገባ። ሀዲይሳና ከምባትሳ በላቲን ፊደል እየተጻፉ የ1ኛ ደረጃ ማስተማሪያ ሆኑ። ታሪክና ጂኦግራፊ ከ5ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ተዋሕደው «ሶሻል ስተዲስ» ሆኑ፤ ተማሪው በአጭሩ «ሶሻል» ይለዋል። ሐሳቡ አሜሪካዊ መነሻ አለው፦ እ.ኤ.አ. በ1916 የአሜሪካ ብሔራዊ የትምህርት ማኅበር ያቋቋመው ኮሚቴ ታሪክን፣ ጂኦግራፊንና ሥነ ዜጋን በአንድ ጥላ ሥር አሰባሰበ።

በደቡብ ክልል ደግሞ እንግሊዝኛ ማስተማሪያነቱ ወደ 5ኛ ክፍል ወረደ። አራት ዓመት በሀዲይሳ የተማረ ልጅ 5ኛ ክፍል ገብቶ «ላቲትዩድ»፣ «ፕላቶ»፣ «ኢሮዥን» የሚሉትን ከነትርጉማቸው መያዝ ነበረበት። መምህሩ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ኖቱን በእንግሊዝኛ ይጽፋል፤ ዞር ብሎ በሀዲይሳ ወይም በአማርኛ ያብራራል። ክፍሉ የሚገባው ማብራሪያው፣ ማርክ የሚያሰጠው ኖቱ ነው። ደብተሩ ላይ «ፕላቶ ማለት ከፍ ያለ ሜዳ ነው» የሚል የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር በቀይ ተሰምሮበት ይገኛል፤ ለጻፈው ልጅ ግን ዕለት ዕለት የሚራመድበት ምድር እሱ መሆኑን የሚነግረው የለም። ከዱራሜ አጠገብ ያለው የአምበሪቾ ተራራ ወይም ወደ አባያ ሐይቅ የሚወርደው የብላቴ ወንዝ ለምሳሌ ሊጠራ ሲችል፣ የሚጠራው ብዙ ጊዜ መጽሐፉ የመረጠው የሩቅ ቦታ ነው።

ጥፋቱ ሁሉ የቋንቋ ነው ማለት አይደለም። የራሳቸውን አገር ታሪክ በራሳቸው ቋንቋ የሚማሩ የአሜሪካ የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2022 በአገር አቀፍ ምዘና ሲፈተኑ፣ በአሜሪካ ታሪክ ብቁ የሚባለው ደረጃ ላይ የደረሱት 13 በመቶ ብቻ ናቸው። በእኛ ዘንድ ግን ዳገቱ ድርብ ነው፦ መጀመሪያ ዓረፍተ ነገሩን፣ ከዚያ ሐሳቡን።

ከመጽሐፉ ውጭ የተማሩት ጂኦግራፊ

በሀዲያና በከምባታ ከተሞች ላለፉት ሃያ ዓመታት ሌላ የጂኦግራፊ ትምህርት ቤት ተከፍቷል፤ እሱም የደቡብ አፍሪካ መንገድ ነው። ሞያሌ፣ ኬንያ፣ ታንዛኒያ፣ ማላዊ፣ ሞዛምቢክ፣ ጆሃንስበርግ፤ በሾኔ ወይም በሆሳዕና አንድ የ8ኛ ክፍል ተማሪ ይህን ቅደም ተከተል ከወንድሙ ወይም ከጎረቤቱ ሰምቶ በቃሉ ይዞታል። የት ጫካ እንዳለ፣ የት ድንበር እንደሚከብድ፣ የት ገንዘብ እንደሚጠየቅ ያውቃል። ፈተናው ላይ ማላዊን የሚያዋስኑ አገሮች ሲጠየቁ ግን ጥያቄውን በእንግሊዝኛ ሳይረዳ በግምት ያከብባል።

ለሶሻል መምህር ከዚህ የበለጠ ማስተማሪያ የለም። የሕዝብ ጥግግት፣ የእንሰት ማሳ ለልጆች እየተከፋፈለ መጥበቡ፣ ከባሕር ማዶ በሚላክ ገንዘብ የሚሠራ ፎቅ፣ የድንበር ሕግ፣ ሁሉም ከአንድ መንገድ ላይ ይነሣሉ። አደጋውም አብሮ ይነገራል፦ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 በሞዛምቢክ ቴቴ አውራጃ በአንድ ኮንቴይነር ውስጥ 64 ኢትዮጵያውያን ታፍነው ሞተው ተገኝተዋል። ስደትን በምክር ብቻ ማስቀረት ያልቻለ ትምህርት ቤት፣ ልጁ ካርታውን እያነበበ ራሱ እንዲያመዛዝን ማስቻል ግን ይችላል።

ብዕሩ ሆሳዕና ሲደርስ

ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ እየተተገበረ ያለው ሥርዓተ ትምህርት እርከኑን 6፣ 2፣ 4 አድርጎ 7ኛና 8ኛ ክፍልን «መካከለኛ ደረጃ» አለ። ሥነ ዜጋ የዜግነት ትምህርት ሆነ። መጽሐፉ በወረቀት ሳይደርስ በቴሌግራም በሶፍት ኮፒ የደረሰበት ክፍል ብዙ ነው፤ ስልክ ያለው ያነብባል፣ የሌለው ኖት ይገለብጣል። በዚህ መካከል የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት አገሩን አስደነገጠ፦ በ2014 ዓ.ም. 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ። ውድቀቱ የታየው 12ኛ ላይ ቢሆንም ልጁ ሳያነብ ማለፍ የጀመረው ከታች ነው።

በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ሆሳዕና የክልሉ ርዕሰ ከተማ ሆነች። በአገሪቱ አሠራር ከ1ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ያለውን መጽሐፍ የሚያዘጋጁት፣ የ8ኛ ክፍልንም ፈተና የሚያወጡት ክልሎች ናቸው። ለአሥርት ዓመታት ከአዲስ አበባ፣ ኋላም ከሐዋሳ ይመጣ የነበረው ውሳኔ አሁን በክልሉ እጅ ነው።

የሚጻፍ ነገር አይጠፋም። ከሀዲያ ገዥ ቤት የተወለዱት እቴጌ እሌኒ በ16ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ማቴዎስን ወደ ፖርቱጋል ልከዋል፤ የፖርቱጋል ልዑካንም በ1520 እ.ኤ.አ. ደርሰዋል። በዚህ አንድ ታሪክ ሀዲያም፣ ማዕከላዊው መንግሥትም፣ ቀይ ባሕርም፣ አውሮፓም ይገናኛሉ። የሀዲያን ሰፊ ታሪክ የጻፈው ጀርመናዊው ኡልሪሽ ብራውካምፐር መጽሐፉን መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ1980 ያሳተመው በጀርመንኛ ነበር። ለ7ኛ ክፍል ልጅ በሚገባው ቋንቋ አሳጥሮ ማቅረብ የክልሉ ባለሙያዎች ሥራ ነው። አደጋውም ይታወቃል፦ ሀዲያ የራሷን ጀግና፣ ከምባታም የራሷን፣ ጉራጌና ስልጤም እንዲሁ ቆጥረው ከዚያ ውጭ ያለውን ዓለም ከዘጉ፣ የነገሥታቱ ዝርዝር በሌላ ዝርዝር ተተካ ማለት ነው።

ከመጽሐፉ በፊት ግን ፈተናው ይቀድማል። መምህር የሚያስተምረው የሚፈተነውን ነው፤ ይህ በንጉሡም በደርግም በኢሕአዴግም ዘመን የታየ ነው። ክልሉ በ8ኛ ክፍል ፈተናው ላይ ትርጉም ከማስከበብ ይልቅ ባዶ ካርታ ሰጥቶ የብላቴን መነሻና መድረሻ ቢያስመለክት፣ አጭር ምንባብ ሰጥቶ «ጸሐፊው ለምን እንዲህ አለ?» ቢል፣ ጥያቄውንም ከእንግሊዝኛው ጎን በአማርኛ ወይም በአፍ መፍቻ ቋንቋ ቢያትም፣ በዓመቱ የመምህሩ ኖት ይለወጣል። ለዚህ አዲስ ፖሊሲ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው የፈተና ዝግጅት ክፍሉ ውሳኔ ነው፤ ክፍሉም ያለው በክልሉ ውስጥ ነው።