እስክንድርያን ከውሃ ስለ መጠበቅ

ብልኅ ሰው የቤቱን ጣራ የሚጠግነው ክረምት ሳይገባ ነው። ኖኅም መርከቡን ያዘጋጀው ዝናሙ ገና ሳይጀምር ነበር። ይህ ጥበብ ለአንድ ቤተ ሰብ ብቻ ሳይሆን ለታላላቅ ከተሞችም የሚያስፈልግ ስለ ሆነ፥ ዛሬ የእስክንድርያን ነገር ለአንባቢዎቻችን ልናስታውስ ወደድን።

እስክንድርያ ለቤተ ክርስቲያናችን እንግዳ አይደለችም። በ4ኛው መቶ ዓመት ቅዱስ አትናቴዎስ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን ጳጳስ አድርጎ የሾመው በዚያች ከተማ ነው። ዛሬ ከ5 ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ የሚኖርባት የግብፅ ታላቅ ወደብ ናት። ዳሩ ግን በስተ ሰሜን ከሜዲቴራንያን ባሕር፥ በስተ ደቡብ ከማርዩጥ ሐይቅ ጋር ስለምትዋሰን፥ የምትገኘው በሁለት ውሃ መካከል በጠባብና በዝቅተኛ መሬት ላይ ነው።

የዓለም ሙቀት በመጨመሩ የምድር በረዶ እየቀለጠ፥ የባሕሩም ውሃ እየሞቀ ስለሚሰፋ፥ በኤውሮፓውያን አቈጣጠር (ከዚህም በታች እንዲሁ ነው) ከ1901 እስከ 2018 የባሕር ከፍታ በአማካይ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ጨምሯል። እስከ 2100 ድረስ ደግሞ ከ1995 እስከ 2014 ከነበረው ከ28 ሳንቲ ሜትር እስከ 1 ሜትር ያህል ሊጨምር እንደሚችል ሊቃውንት ገምተዋል። በዚህም ላይ ከኢትዮጵያ ተራሮች በዓባይ ጐርፍ እየወረደ የወንዙን አፍ ሲያደልብ የኖረው አፈር፥ በ1970 በተፈጸመው በአስዋን ታላቅ ግድብ ውስጥ ስለሚቀር፥ በረሺድ በኩል ባሕሩ የብሱን ሲበላ ይታያል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ብዙ ሰው ባሕሩን በግንብ መከልከል ይበቃል ብሎ ያስባል። በእውነትም በቃይት ባይ ምሽግ ዳርቻ ትላልቅ የሲሚንቶ ድንጋዮች ተጥለው የማዕበሉን ኀይል እንዲያበርዱ መደረጉ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን እስክንድርያ በፊት በሯ ብቻ ሳይሆን በጓሮዋም ትጠቃለች። በ1801 የእንግሊዝ ጦር በከተማዪቱ የነበሩትን ፈረንሳውያን ለማስጨነቅ የአቡ ቂርን ሐይቅ ከማርዩጥ የሚለየውን ክትር ቢቈርጠው፥ የባሕር ውሃ ወደ ዝቅተኛው መሬት ገብቶ መንደርና እርሻ አጥለቀለቀ። ዛሬም የማርዩጥ ውሃ ከባሕሩ ወለል 3 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ የሚኖረው፥ በመክስ ያለው የውሃ መሳቢያ መኪና ትርፉን ወደ ባሕር ስለሚያወጣው ነው። ባሕሩ ከፍ ባለ ቍጥር የዚህ መኪና ድካም ይጨምራል። በጥቅምት 2015 ሰዎች የሞቱበትና አገረ ገዥው ሥልጣኑን የለቀቀበት ጥፋት የመጣው፥ የጐርፍ መውረጃው ሊችለው ባልቻለ ከባድ ዝናም ነበር።

ስለዚህ በእኛ አሳብ ከግንቡ ጋራ ሌላም ሥራ ያስፈልጋል። የጐርፍ መውረጃው ዝናም ሳይመጣ ይጠረግ፤ የውሃ መሳቢያው ይጠናከር፤ ሐይቁም የትርፍ ውሃ ማረፊያ ነውና በአፈር እየተደለደለ ቤት አይሠራበት። የባሕሩን ዳር ለመጠበቅም ድንጋይ ብቻ አይታሰብ። በአጎራባቾቹ የዓባይ አፍ አውራጃዎች ከአሸዋና ከሸምበቆ እንዲሠራ ለታሰበው 69 ኪሎ ሜትር መከታ በ2017 የገንዘብ እርዳታ ተፈቅዷል።

ትጋት ፍሬ እንዳለው የቅዱስ ሚናስ ጥንታዊ ስፍራ ምስክር ነው። ከእስክንድርያ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው በዚህ ቅዱስ ቦታ፥ በአካባቢው ላዲስ እርሻ የፈሰሰው የመስኖ ውሃ ከመሬት በታች ከፍ ብሎ ጭቃውን ስላላላው ሕንጻዎቹ ሊፈርሱ ደረሱ፤ በ2001 ዩኔስኮ ጥፋት ከሚያሰጋቸው ቅርሶች መዝገብ አገባው። ውሃው በመሳቢያ እየወጣ፥ መስኖውም እየተሻሻለ ከሄደ በኋላ ግን በ2025 ስሙ ከዚያ መዝገብ ወጣ። ይህ ውሃ ከባሕር የመጣ ባይሆንም፥ ከታች የሚመጣውን ጠላት የዕለት ተዕለት ሥራ እንደሚመልሰው አስተምሯል።

ግንብ ሲፈጸም ይመረቃል፤ ሹሙም ይመሰገናል። ቦይ መጥረግ ግን ምርቃት የለውም፤ የሚታወሰውም ሳይሠራ ሲቀር ነው። ይሁን እንጂ በዝቅተኛው ሰፈር የሚኖረው ድኻ ሌሊት ተኝቶ የሚያድረው ይህ የማይመረቀው ሥራ በየዓመቱ ሲፈጸም ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፥ ሳያጥለቀልቅ መትጋት የሹምም የሕዝብም ግዴታ ነው።