ቁርጥራጭ ክር አይጣል

አንድ ጋቢ ከመልበሳችን በፊት ስንት ሥራ እንዳለፈበት እስቲ እናስብ። ጥጡ ይለቀማል። ፍሬው በመዳመጫ ይወጣል። በደጋን ይነደፋል፤ ባዘቶ ይሆናል። እናቶች በእንዝርት ይፈትሉታል፤ ልቃቂት ይሆናል። በመጨረሻ ሸማኔው ድሩን ዘርግቶ፣ ማጉን በመወርወሪያ እያሳለፈ ይሸምነዋል። ጋቢ አራት እጥፍ ነው። ስለዚህ ክሩም ብዙ ነው፤ ድካሙም ብዙ ነው።

ታዲያ ሥራው ሲያልቅ ክር ይተርፋል። ሸማኔው ድሩን እስከ ጫፉ ሊሸምነው አይችልም። ጨርቁ ተቆርጦ ሲወርድ ጥቂት ክር እቃው ላይ ይቀራል። ሹራብ ከሚሠሩት፣ ጥልፍ ከሚጠልፉትም እጅ እንዲሁ ቁርጥራጭ ይወድቃል። ብዙዎቻችን ጠርገን እንጥለዋለን። አብሮ የሚጣለው ግን የፈታይዋ ድካም እኮ ነው!

ደጅ የተጣለ ክር ደግሞ ጉዳት አለው። በዶሮ እግር ላይ ይጠመጠማል። ዶሮዋ በተራመደች ቁጥር እየጠበቀ ደም ይከለክላል። ጣቷ ሊቆረጥ ይችላል። ላምና በግም ክሩን ከሣር ጋር ይውጡታል። በተለይ የናይለን ክር ሆድ ውስጥ አይፈጭም። እየተከማቸ ሆድን ይዘጋል። ስለዚህ ክር መሰብሰብ ቁጠባ ብቻ አይደለም፤ ከብትንም መጠበቅ ነው።

በመጀመሪያ ክሩን እንለይ

ሱቅ ውስጥ «ሱፍ» ተብሎ የሚሸጠው ክር ሁሉ የበግ ጠጉር አይደለም። ብዙው በፋብሪካ የተሠራ ሰው ሠራሽ ክር ነው። ለመለየት ከእያንዳንዱ የጣት ያህል እንቁረጥ። ልጆችን አርቀን፣ ውሃ አጠገባችን አስቀምጠን፣ ክሩን በወረንጦ ይዘን በእሳት እንንካው።

የጥጥ ክር እንደ ወረቀት ይሸታል፤ ለስላሳ አመድም ይተዋል። የበግ ጠጉር እንደ ተቃጠለ ፀጉር ይሸታል። ናይለንና የመሳሰለው ይቀልጣል፤ ሲበርድም ጠጣር ፍሬ ይሆናል። የቀለጠው ጠብታ ቆዳ ላይ ተጣብቆ ስለሚያቃጥል በእጅ አይነካ።

ከዚያ የጥጡን በአንድ ከረጢት፣ ሰው ሠራሹን በሌላ ከረጢት እናስቀምጥ። ለምን እንደምንለየው ቀጥለን እናያለን።

ገመድ እንግመድ

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይባል የለ? ነገሩ እውነት ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው።

አጫጭሩን ክር በቋጠሮ እንቀጥል። 10 ያህል ክሮች በእኩል ርዝመት አንድ ላይ እንያዝ። አንዱን ጫፍ ከምሰሶ ጋር እንሰር። ሌላውን ጫፍ ይዘን ወደ ቀኝ እናክርር። ክሩ በጣም ከርሮ መጠማዘዝ ሲጀምር መሐሉን ይዘን እንጠፈው። ሁለቱን ጫፎች አንድ ላይ ይዘን መሐሉን እንልቀቀው። በራሱ ወደ ግራ ይገመዳል። አንዱ አከራረር ለሌላው ተቃራኒ ስለሆነ እርስ በርስ ይያያዛሉ፤ ገመዱም አይፈታም። ጫፉን እንቋጥረው። 1 ሜትር ገመድ ለማግኘት 2 ሜትር ተኩል ያህል ክር እናዘጋጅ።

ይህ ገመድ ለጆንያ ማሰሪያ ይሆናል። በቆሎ በመስመር ለመዝራትም ይረዳል። ለበቆሎ ብዙ ጊዜ የሚመከረው ከመስመር እስከ መስመር 75 ሳንቲ ሜትር ነው። ስለዚህ ረጅም ገመድ ላይ በየ75 ሳንቲ ሜትሩ ቀይ ክር እንሰር። ገመዱን በማሳው ጫፍ ዘርግተን፣ ቀይ ክር ባለበት ሁሉ ችካል እንትከል። በሌላው ጫፍም እንዲሁ እናድርግ። ከችካል እስከ ችካል ገመድ ከወጠርን መስመሩ ቀጥ ይላል። የጥጥ ገመድ ሲረጥብ ያጥራል። ስለዚህ ቀዩን ክር ከማሰራችን በፊት ገመዱን ነክረን እናድርቀው። ለሌላው ዘር የሚስማማውን ርቀት የግብርና ሠራተኛውን እንጠይቅ።

ቲማቲም ከድጋፍ እንጨቱ ጋር ሲታሰርም ለስላሳ ክር ጥሩ ነው። ክሩን እንደ 8 ቁጥር አዙረን፣ ላላ አድርገን እንሰር። ግንዱ ሲወፍር ክሩ እንዳይቆርጠው ነው።

ለቤት

ለቀጠሮ የማይሆነውን አጭር የጥጥ ክር ታጥቦ በደረቀ ነጭ የጥጥ ጨርቅ ውስጥ ጠቅጥቀን እንቋጥረው። የምጣድ ማሰሻ ይሆናል። ሰው ሠራሽ ክር ግን እዚህ አይገባም! የጋለ ምጣድ ላይ ይቀልጣል፤ ከእንጀራው ጋርም ይጣበቃል። ሁለት ከረጢት የያዝነው ለዚህ ነው። ባለ ቀለሙን ሰው ሠራሽ ክር ለትራስ መሙያ እናድርገው።

ጧፍም መሥራት ይቻላል። ሰፈፉን ከውሃ ጋር አፍልተን በጨርቅ እናጥልል። ሲበርድ ሰሙ ከላይ ይረጋል። ሰሙን በትንሽ ዕቃ አድርገን፣ ዕቃውን በፈላ ውሃ ውስጥ አስቀምጠን እናቅልጠው። በቀጥታ እሳት ላይ ከተጣደ ሰሙ ራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። 4 ወይም 5 የጥጥ ክር ገምደን ሰሙ ውስጥ እንንከር። አውጥተን እናብርደው። ደግመን ደጋግመን እንንከር። በመጨረሻ በእጃችን እያሸን እናስተካክለው።

ስፌት የምትሰፉ እናቶችና እህቶች ደግሞ ባለ ቀለም ክር በወስፌ እያስገባችሁ በአለላ ፈንታ ማስጌጥ ትችላላችሁ። ከየቀለሙ ጥቂት ክር አንድ ላይ አስረን ጫፉን እኩል ብንቆርጠው ለበቅሎ ጌጥ የሚሆን ዘርፍ ይወጣል። ገበያ ቢወጣም የሚገዛ አይጠፋም።

ይህን ግን አናድርግ

የተጠራቀመ ክር ለሁሉ ነገር አይሆንም። አራስ ሕፃን እትብቱ በተገኘው ክር መታሰር የለበትም። ክሩ ለዓይን ንጹሕ ቢመስልም መንጋጋ ቆልፍ የሚባለውን በሽታ ሊያስይዝ ይችላል። የበሽታው ተሕዋስ በዓይን አይታይም። ይህ በሽታ ሕፃናትን ይገድላል። ስለዚህ ነፍሰ ጡር እናት የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ትከተብ፤ በጤና ድርጅትም ትውለድ። በዚያ እትብት የሚታሰረው ከተሕዋስ በጸዳ ዕቃ ነው።

ቁስልም በቁርጥራጭ ክር አይታሰር። ረጅም ክር ሕፃን አጠገብ አይቀመጥ፤ አንገቱ ላይ ሊጠመጠም ይችላል።

እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ አንድ ከረጢት በምሰሶው ላይ፣ አንድ ከረጢት በግድግዳው ላይ እንስቀል። በየከረጢቱ ላይ «ጥጥ» እና «ናይለን» ብለን በእጃችን እንጻፍበት። ጎረቤት ሲያይ ይጠይቃል። እኛም እናስተምራለን።

እንመልስ

1. የጥጥ ክር ከናይለን ክር በምን ይለያል?
2. ለምጣድ ማሰሻ የሚሆነው የትኛው ነው? ለምን?
3. የማሳችን ስፋት 6 ሜትር ነው። የበቆሎ መስመሩ በየ75 ሳንቲ ሜትር ከሆነ፣ ከዳር እስከ ዳር ስንት መስመር ይወጣል? (መልሱ 9 ነው። ለምን 8 እንዳልሆነ ገመዱን ዘርግታችሁ ቁጠሩ።)