ትራኮማ፣ የአካባቢ ጤና አጠባበቅና የትምህርት ቤት ድርሻ

መግቢያ

ትራኮማ በሕፃንነት ጀምሮ በጎልማሳነት ወይም በእርጅና ዘመን የዐይን ብርሃን የሚያሳጣ ተላላፊ በሽታ ነው። በሽታው ጸንቶ የሚገኘው ውሃ በራቀበት፣ መጸዳጃ ቤት በሌለበትና ብዙ ሰው በጠባብ ቤት ውስጥ በሚያድርበት ስፍራ በመሆኑ፣ የአንድን አካባቢ የኑሮ ሁኔታ ከሚያሳዩ ምልክቶች አንዱ ነው ለማለት ይቻላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በሽታው እንዴት እንደሚተላለፍና ጉዳቱ በማን ላይ እንደሚበረታ አብራርቶ፣ በአማራ ክልል ከተካሄዱ የመከላከል ሥራዎች የተገኘውን ትምህርት መሠረት በማድረግ፣ የመምህራንና የዕቅድ አውጪዎች ድርሻ ምን ሊሆን እንደሚገባ ማመልከት ነው።

ሀ/ የበሽታው መተላለፊያ

የትራኮማ መንሥኤ ክላሚዲያ ትራኮማቲስ የተባለ ባክቴሪያ ነው። ባክቴሪያው በታመመ ልጅ ዐይናርና ንፍጥ ውስጥ ይገኛል። ከልጅ ወደ ልጅ፣ ከልጅም ወደ እናት የሚተላለፈው በጣት፣ ፊት በሚጠረግበት ጨርቅ ወይም ነጠላ፣ እንዲሁም በዝንብ አማካይነት ነው። አንድ ጊዜ መያዝ ብቻውን ዐይንን አያሳውርም። ሰው በልጅነቱ ደጋግሞ ሲያዝ ግን የዐይኑ ቆብ በውስጥ በኩል ይጠባሰሳል፤ ጠባሳው ሲኮማተር ቆቡ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፤ የተቀለበሰውም ፀጉር በእያንዳንዱ ጥቅሻ ብሌኑን እየፋቀ ቀስ በቀስ ያጠፋዋል።

የዐይን ጤናና የመጸዳጃ ቤት ግንኙነትም የሚመጣው በዝንቡ በኩል ነው። በዐይን ላይ የሚያርፈው ዋነኛው የዝንብ ዓይነት የሚራባው በሜዳ ላይ በተጣለ የሰው ዐይነ ምድር ላይ ሲሆን፣ በጉድጓድ መጸዳጃ ቤት ውስጥ ግን እምብዛም አይራባም። ስለዚህ በሜዳ መጸዳዳት ሲቀር ለዝንቡ መራቢያ የሚሆነው ስፍራ ይቀንሳል።

ለ/ ጉዳቱ የሚበረታባቸው ወገኖች

እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2006 በመላ ኢትዮጵያ በተካሄደው ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆኑ 100 ልጆች መካከል 40 ያህሉ የትራኮማ ምልክት ታይቶባቸዋል። ይህ አማካይ ቁጥር ግን በውስጡ ትልቅ ልዩነት ደብቋል። በገጠር ከ100 ልጆች 42 ያህሉ ሲታመሙ፣ በከተማ የታመሙት 11 ያህል ብቻ ነበሩ። በአማራ ክልል ቁጥሩ ከ60 በላይ ደርሷል። ከአዋቂዎች መካከል የዐይን ፀጉር መቀልበስ በሴቶች ላይ ከወንዶች ከእጥፍ በላይ ሆኖ ተገኝቷል። ለዚህ ዋነኛ ምክንያት ተደርጎ የሚጠቀሰው፣ ሕፃናትን የሚያቅፉና የሚያጥቡ እናቶችና ታላላቅ እኅቶች በመሆናቸው ነው። ፀጉሩን በወረንጦ እየነቀሉ ለዓመታት ሕመሙን የሚያስታግሱትም በአብዛኛው እነዚሁ የገጠር ሴቶች ናቸው።

ሐ/ የመከላከያው ስልትና ከአፈጻጸሙ የተገኘው ትምህርት

የዓለም የጤና ድርጅት የተቀበለው ስልት አራት ክፍሎች አሉት። እነዚህም የተቀለበሰን ፀጉር በቀዶ ሕክምና ማስተካከል፣ አዚትሮማይሲን የተባለውን መድኃኒት ለሕዝቡ በጅምላ ማደል፣ የፊት ንጽሕናን መጠበቅና አካባቢን ማሻሻል ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በጤና ባለሙያዎች የሚፈጸሙ ሲሆን፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ያለ ኅብረተሰቡ ተሳትፎ ከቶ አይሳኩም።

የኅብረተሰቡ ኃይል ምን ሊሠራ እንደሚችል ከሚያሳዩ ምሳሌዎች አንዱ በምሥራቅ ጎጃም የሁለት እጁ እነሴ ወረዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 በወረዳው ከ20 ሺህ የሚበልጡ የቤተሰብ መጸዳጃ ቤቶች በአንድ ዓመት ውስጥ ተሠርተዋል። አብዛኞቹ የታነጹት በአካባቢው ከሚገኝ እንጨት፣ ጭቃና ሣር ነበር።

ይሁን እንጂ ኋላ የተደረጉ ጥናቶች ጥንቃቄ የሚያሻው መልስ ሰጥተዋል። በጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ መድኃኒት ከታደለ በኋላ መጸዳጃ ቤት እንዲሠሩ በተቀሰቀሱ ቀበሌዎች በሽታው ከሌሎቹ ባነሰ ፍጥነት ሲመለስ አልታየም። በዋግ ኽምራም በ40 ቀበሌ ማኅበረሰቦች ለሦስት ዓመት በተካሄደውና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2022 በታተመው ጥናት፣ የውሃ፣ የመጸዳጃና የንጽሕና ትምህርት ሥራ በተሠራባቸው ስፍራዎች የዐይን ባክቴሪያው መጠን ካልተሠራባቸው አላነሰም።

ከዚህ ውጤት ተነሥቶ አካባቢን ማሻሻል ከንቱ ነው ማለት ስሕተት ነው። ከተሞች ከሌላው ቀድመው ከበሽታው የተላቀቁት በኑሮና በአካባቢ ለውጥ ነውና። ውጤቱ የሚያስተምረው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ የተቆፈረው ጉድጓድ ብዛት በየቀኑ የሚጠቀሙበትን ሰዎች ብዛት አያሳይም። ሁለተኛ፣ በሽታው ሥር በሰደደበት ስፍራ ጥቂት ዓመታት የሚቆይ ሥራ በቂ አይደለም። ሦስተኛ፣ የአካባቢ ሥራ ተጀመረ ተብሎ የመድኃኒቱ እደላ ሊቋረጥ አይገባም።

መ/ የትምህርት ቤት ድርሻ

የጤና ትምህርት ብዙውን ጊዜ «ፊታችሁን በየቀኑ በንጹሕ ውሃና በሳሙና ታጠቡ» በሚል ትእዛዝ ያበቃል። ውሃ ለመቅዳት ረጅም መንገድ ለምትጓዝ እናት ልጅ ይህ ትእዛዝ የሚፈጽመው ትምህርት ሳይሆን የሚያፍርበት ነቀፋ ይሆንበታል። ፊቱ ያደፈ ልጅ በሰልፍ ፊት ቢወቀስ ወይም ወደ ቤቱ ቢመለስ፣ ድህነቱ እንደ ጥፋት ተቆጠረበት ማለት ነው። ስለዚህ መምህራን የሚከተሉትን ቢፈጽሙ ይበጃል።

1. ንጹሕ ፊት ማለት ዐይናርና ንፍጥ የሌለበት ፊት መሆኑን፣ ለዚህም እፍኝ ውሃ እንደሚበቃ በተግባር ማሳየት። ሳሙና ቢገኝ መልካም ነው፤ አለመገኘቱ ግን ከመታጠብ ሊያግድ አይገባም። ከሥሩ ተበስቶ በእንጨት የተወተፈ ጄሪካን በትምህርት ቤቱ ደጃፍ ቢሰቀል በጥቂት ውሃ ብዙ ልጆችን ያስታጥባል።

2. ባክቴሪያው በብዛት የሚገኘው ለትምህርት ባልደረሱ ሕፃናት ላይ በመሆኑ፣ ተማሪው የታናናሾቹን ፊት የማጠብ ልማድ እንዲይዝ ማድረግ። ይህም ሥራ ለሴት ልጆች ብቻ የሚተው መሆን የለበትም።

3. ትምህርቱን ከሌሎች የትምህርት ዓይነቶች ጋር ማያያዝ። ለምሳሌ በሒሳብ የአንድ ቤተሰብ የቀን ውሃ ፍጆታ ሊሰላ፣ በኅብረተሰብ ትምህርት የቀበሌው የውሃ ቦታዎችና የመጸዳጃ ቤቶች ካርታ ሊነሣ ይችላል።

4. ፀጉር የተቀለበሰበት ወላጅ ወይም ተማሪ ሲያጋጥም ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ማስታወቅ።

ዕቅድ አውጪዎችም በበኩላቸው ከመጽሐፍ ኅትመት ጎን ለጎን ውሃ የሌላቸውን ትምህርት ቤቶች መዝግበው፣ ሩቅ የሆኑትን ማስቀደም ይኖርባቸዋል። መጸዳጃ ቤት ሲታቀድ ለሴቶችና ለወንዶች የተለየ እንዲሆን፣ የማጽጃና የመጠገኛ ወጪም ከግንባታው ጋር አብሮ እንዲያዝ ያስፈልጋል። የማይጸዳ መጸዳጃ ቤት ተማሪውን መልሶ ወደ ሜዳ ይሰደዋልና።

ማጠቃለያ

ትራኮማን መከላከል የሐኪም፣ የውሃ መሐንዲስ፣ የመምህርና የወላጅ የጋራ ሥራ ነው። ትምህርት ብቻውን ውሃን አያቀርብም፤ ውሃም ያለ ትምህርት የልጅን ፊት አያጥብም። የሥራው መመዘኛ በዓመቱ መጨረሻ የሚቀርበው የጉድጓድ ቁጥር ሳይሆን፣ ከውሃ እጅግ በራቀችው መንደር የሚኖር ልጅ በከተማ ካለው እኩያው ጋር እኩል ጤናማ ዐይን ይዞ ማደጉ ሊሆን ይገባል።