ማን ይመስክርለት? ስለ መንፈሳዊ ኮሌጆች ዕውቅና

በንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ መካኒሳ፣ በ1950ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ የተቋቋመው የመካነ ኢየሱስ ሴሚናሪ ይገኛል። ስለ እንደዚህ ያሉ ትምህርት ቤቶች ብዙ ጊዜ የሚነሣ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «ዲግሪያቸው ዕውቅና አለውን?» የሚል ነው። ነገር ግን «በማን ዘንድ? ለየትኛው ሥራ?» የሚለው ካልተጨመረበት ጥያቄው ሙሉ አይሆንም።

ምስክርነት ለአገራችን ሊቃውንት አዲስ ነገር አይደለም። ድጓ የተማረ ሰው የትም ይማር የት፣ የሚያስመሰክረው ጋይንት፣ ቤተልሔም ሄዶ ነው፤ የዝማሬ መዋሥዕት ማስመስከሪያም ዙር አምባ ነው። የቤተልሔም ምስክርነት ግን ለድጓ እንጂ ለቅኔ አይሆንም።

የዘመናዊው ኮሌጅ ዕውቅናም እንደዚሁ በሦስት ይከፈላል። አንደኛው ከቤተ እምነቱ የሚገኝ ሲሆን ለአገልግሎት ለመሾም ይጠቅማል። ሁለተኛው ከኮሌጆች ማኅበር ነው፤ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1976 የተቋቋመው አክቲያ የተባለው የአፍሪካ ማኅበር የነገረ መለኮት ትምህርት ቤቶችን ደረጃ ይመረምራል። ሦስተኛው የመንግሥት ነው። በ1954 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲቋቋም የቅድስት ሥላሴ መንፈሳዊ ኮሌጅ አንዱ ክፍሉ ስለ ነበረ፣ የነገረ መለኮት ትምህርት በዩኒቨርሲቲ ጥላ ሥር ነበር። ኮሌጁ በደርግ ዘመን ተዘግቶ ኋላ በቤተ ክርስቲያን ሥር እንደገና ተከፈተ።

ችግሩ የሚመጣው በዚህ በሦስተኛው በኩል ነው። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን ይደነግጋል፤ በአንቀጽ 27 ደግሞ ምእመናን የሃይማኖት ትምህርት ተቋም እንዲያቋቁሙ ይፈቅዳል። እንግዲህ መንግሥት ነገረ መለኮትን ልመዝን ቢል በሃይማኖት ጉዳይ እጁን ማስገባት ይሆንበታል፤ አልመዝንም ቢል ደግሞ አራት ዓመት የደከመ ተመራቂ ከመሥሪያ ቤት ደጃፍ ሊመለስ ይችላል። ኮሌጁ የሒሳብ አያያዝ ወይም የአስተዳደር ትምህርት የሚሰጥ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ለዚያ ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልገዋል።

ስለዚህ የመንግሥት ዕውቅና ማጣት ብቻውን የትምህርትን ድካም አያሳይም፤ የቤተልሔም መምህራንም ከማንም መሥሪያ ቤት ወረቀት ሳይቀበሉ ሊቃውንትን አፍርተዋል። ሆኖም ወረቀት ሸጦ የሚያድር ሰው በዚሁ ክፍተት ሊሸሸግ ይችላል። ስለዚህ ተማሪው ከመመዝገቡ በፊት ሊሠራበት ያሰበው መሥሪያ ቤት ወይም ትምህርቱን ሊቀጥልበት ያሰበው ዩኒቨርሲቲ ዲግሪውን ይቀበል እንደ ሆነ ጠይቆ መልሱን በጽሑፍ ይያዝ። ኮሌጆቹም የማን ምስክርነት እንዳላቸውና እንደሌላቸው በመመዝገቢያው ወረቀት ላይ በግልጽ ቢያሰፍሩ፣ ተማሪው የሚደክምለትን ነገር አስቀድሞ ያውቃል።