ለውሻችን ምን ዓይነት የአንገት ማሰሪያ ይስማማዋል?

ውሻ የቤት ዘበኛ ነው። ጅብ ሲመጣ ይጮኻል። ሌባ ሲመጣ ይጮኻል። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይባላል። ታዲያ እኛስ ለውሻችን ምን እናደርግለታለን?

ከማስተምርበት ቤት አጠገብ አንድ ሽማግሌ አሉ። ነብሮ የሚባል ውሻ አላቸው። ነብሮ ቡችላ ሳለ አንገቱን በሽቦ አሰሩት። ቡችላው አደገ፤ ሽቦው ግን አላደገም። አንድ ሰሞን ነብሮ እህል አልቀምስ አለ። ሰው ሲጠጋው ያጉረመርማል።

«አባባ፣ ውሻዎ ምን ሆነ?» አልኳቸው።

«እኔ እንጃ ልጄ፣ ጠባዩ ተበላሽቷል» አሉኝ።

የተበላሸው ጠባዩ አልነበረም። የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ወሰድነው። ሐኪሙ ጸጉሩን ገለጥ አድርጎ አሳየን። ሽቦው ቆዳውን ቆርጦ ሥጋው ውስጥ ገብቷል! አባባ አንገታቸውን ደፉ።

ይህ እንዳይደርስ ምን እናድርግ?

1. ሽቦና ሲባጎ አንጠቀም። ቀጭን ነገር ይቆርጣል። እንስራ የምትሸከም እናት ይህን ታውቃለች፤ ቀጭን ገመድ ትከሻ ይቆርጣል፣ ሰፊ ጨርቅ ግን አይጎዳም። ለውሻም ቆዳ ወይም ወፍራም ጨርቅ ይሻላል። ለትልቅ ውሻ ስፋቱ ሁለት ጣት ያህል፣ ለቡችላ አንድ ጣት ያህል ይሁን።

2. ልኩን በጣት እንወቅ። በማሰሪያውና በአንገቱ መካከል ሁለት ጣት ይግባ። ካልገባ ጠብቋል። እጅግ ከላላ ደግሞ በራሱ ላይ ሾልኮ ይወልቃል፤ አጥር ላይም ይይዘዋል።

3. ሸምቀቆ አናድርግ። ውሻው ሲጎትት ሸምቀቆ ያንቀዋል። ዘለበት ያለው ማሰሪያ ግን ባለበት ይቆያል። ሰንሰለቱን ማሰሪያው ላይ ካለው የብረት ቀለበት ጋር እናያይዘው።

4. ቡችላ ቶሎ ያድጋል። በየሳምንቱ አንገቱን እንይ፤ ሲጠብቅ እናላላ።

ገንዘብ የለኝም የሚል ሰው አይጨነቅ። አሮጌ ቀበቶ ይበቃል። ጫማ ሰፊ ቆርጦ ይበሳዋል፤ ቀለበትም ይሰፋበታል።

አንድ ነገር አንርሳ። ማሰሪያ የእብድ ውሻ በሽታን አይከላከልም። የሚከላከለው ክትባት ነው፤ ውሻችንን በየዓመቱ እናስከትብ። ውሻ ሰው ከነከሰ ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ እንጠብ። ከዚያም ሳንውል ሳናድር ጤና ጣቢያ እንሂድ። የበሽታው ምልክት አንዴ ከታየ መዳን የለም ማለት ይቻላል።

የነብሮ ቁስል ድኗል። አሁን አንገቱ ላይ ያለው የአባባ አሮጌ ቀበቶ ነው። አባባ እሑድ እሑድ ሁለት ጣታቸውን ያስገቡና «ገባ!» ይላሉ። ነብሮም ጭራውን ይቆላል።

ጥያቄ፦
ሀ. የነብሮን አንገት ያቆሰለው ምንድን ነው?
ለ. ማሰሪያው ልክ መሆኑን በምን እናውቃለን?
ሐ. ዛሬ ቤት ስትገቡ የውሻችሁን አንገት እዩ። ጣታችሁ ገባ?