ብራቮና አይዞህ



ተማሪ በክፍል ፊት ቆሞ ጥያቄውን በሚገባ ሲመልስ መምህሩ «ብራቮ!» ይላል፤ ጓደኞቹም ያጨበጭባሉ። ቃሉ የጣሊያንኛ ነው። ጠላት አገራችንን የያዘው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ብቻ ሲሆን፥ መኪና፥ ጎማ፥ ፋብሪካ የሚሉት የጣሊያን ቃላት ግን ዛሬም አብረውን ይኖራሉ። ጣሊያኖች ለወንድ ብራቮ፥ ለሴት ብራቫ፥ ለብዙዎች ብራቪ ይላሉ። እኛ ቃሉን ስንወስድ ይህን ልዩነት አስቀርተን ለሁሉም በአንድ መልክ እንሰጠዋለን። የኛው አይዞህ ግን የሚያነጋግረውን ሰው ለይቶ ያውቃል፤ አይዞህ፥ አይዞሽ፥ አይዞዎ፥ አይዟችሁ ይባላልና።

ከእንግሊዝኛ ተቈርጦ የቀረው «ኮንግራ»ም እንደ ብራቮ ያለ ነው። ሁለቱም የሚነገሩት ላሸነፈ ሰው ነው። (እኔ በበኩሌ «እንኳን ደስ ያለዎት» ረዘመ ተብሎ መተዉ አይታየኝም።)

ጃፓኖች በዚህ ረገድ ከኛ ርቀው ሄደዋል። በእንግሊዝኛ መዋጋት ማለት የሆነውን «ፋይት» ወስደው፥ ለሚሮጥ ወይም ለፈተና ለሚቀርብ ሰው «በርታ» ሊሉበት ይጮኹታል። «ዶንማይ» የሚሉትም «ዶንት ማይንድ» ከሚለው የወጣ ነው። እንግሊዛዊው ይህን የሚለው አብዛኛውን ጊዜ ስለ ራሱ፥ ግድ የለኝም ለማለት ሲሆን፥ ጃፓናዊው ግን ኳስ ለሳተ ጓደኛው «ግድ የለም፥ አይዞህ» ሲል ይናገረዋል። እንግዲህ እነርሱ ለወደቀም ሰው የሚሆን ቃል ተበድረዋል፤ እኛ ግን በዚህ ቦታ አይዞህን የሚተካ አልተበደርንም።

ይህ ነገር በተለይ የመንግሥት ሠራተኛን ይመለከታል። ከዝቋላ ወደ ሰቆጣ ጉዳይ ለማስፈጸም የመጡ አንዲት እናት አሉ እንበል። (የሸዋውን የአቡዬን ተራራ ሳይሆን የዋግ ኽምራውን ወረዳ ማለቴ ነው።) የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ኽምጣና ስለ ሆነ፥ አማርኛው ራሱ ለእርሳቸው ሁለተኛ ቋንቋ ሊሆን ይችላል። ልጃቸው ፈተና ቢያልፍና «ኮንግራ» ቢባሉ፥ ደስታው ሳይገባቸው ይቀራል። ማመልከቻቸው ሳይፈጸም ቢቀርስ? ያን ጊዜ የሚያስፈልገው «አይዞዎ እናቴ» ብሎ፥ የጐደለው ወረቀት የትኛው እንደ ሆነና በየትኛው ቀን እንዲመለሱ መንገር ነው። ኽምጣና የሚያውቅ ባልደረባ በቢሮው ካለ ደግሞ እርሱን ጠርቶ በቋንቋቸው ማስነገር ይገባል።